ፋውንደርስ ኦንላይን፦ የአሜሪካ መሥራቾች የቤተሰብ ደብዳቤ በጅማ አንባቢ ዓይን

«ፋውንደርስ ኦንላይን» የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ጋር ሆኖ በ2013 ለሕዝብ የከፈተው፣ ያለ ክፍያና ያለ ምዝገባ የሚነበብ የሰነዶች ድረ ገጽ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ከወዲሁ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ድረ ገጹ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ ጆን አዳምስ፣ ቶማስ ጄፈርሰን፣ አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰንና በኋላ የተጨመረው ጆን ጄይ የጻፏቸውንና የተጻፉላቸውን ከ180,000 በላይ ሰነዶች ይዟል። ከስሙ ተነሥቶ የሚፈርድ ሰው የፖለቲካና የጦርነት ወረቀት ብቻ የተከማቸበት ይመስለዋል። እኔ ግን ይህን ግምገማ የምጽፈው ስለ አንድ ክፍሉ፣ ማለትም ባል ለሚስት፣ አባት ለልጅ፣ ወንድም ለእህት ስለጻፈው የቤት ደብዳቤ ነው። ለጅማ የታሪክ መምህራን፣ ተማሪዎችና ታሪክ ወዳዶች ከዚህ ድረ ገጽ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም በዚያ ክፍል ውስጥ እንዳለ አምናለሁ።

በቅድሚያ ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት ልበል። ገጾቹ ከሞላ ጎደል ጽሑፍ ብቻ በመሆናቸው በሞባይል ዳታ፣ ያውም የከተማችን መስመር በሚደክምበት በምሽቱ ሰዓት፣ ያለ ብዙ ችግር ይከፈታሉ። በጸሐፊ፣ በተቀባይ፣ በቀንና በዘመን ለይቶ መፈለግ ይቻላል፤ ዘመኖቹም ከቅኝ ግዛቱ ጊዜ ጀምሮ በአብዮቱ ጦርነት በኩል አልፈው እስከ ማዲሰን ፕሬዚዳንትነትና ከዚያም በኋላ ድረስ የተከፋፈሉ ናቸው። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌ አዘጋጆቹ የጨመሩት ማስታወሻ አለ፤ ደብዳቤው ውስጥ በቅጽል ስም ወይም በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ የተጠራው ሰው ማን እንደሆነ፣ «ያለፈው ደብዳቤህ» የተባለው የትኛው እንደሆነ፣ ዋናው ወረቀት ዛሬ በየትኛው ቤተ መዛግብት እንደሚገኝ የሚነግረው ይኸው ማስታወሻ ነው። ደብዳቤውን ለክፍል ተማሪዎች የሚያሳትም መምህር ማስታወሻውን ወረቀት ለመቆጠብ ብሎ እንዳይቆርጠው አደራ እላለሁ፤ ያለ እርሱ የሌላ ሰው ቤት ደብዳቤ የማይገባ ይሆናል።

ድረ ገጹን ለመጠቀም ጥሩው መንገድ በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ «ነጻነት» ወይም «ሕገ መንግሥት» የመሰለ ትልቅ ቃል ጽፎ በሺህ የሚቆጠር ውጤት ማየት አይደለም። ሁለት ሰዎችን መርጦ፣ አንዱን በጸሐፊነት፣ ሌላውን በተቀባይነት አስገብቶ፣ ውጤቱን በቀን ቅደም ተከተል አደራጅቶ ማንበብ ነው። ከዚያም ጸሐፊውንና ተቀባዩን አቀያይሮ መልሱን ማየት ይቻላል። ለዚህ የሚመች ከጆንና ከአቢጌል አዳምስ የተሻለ ጥንድ የለም፤ ባልና ሚስቱ ከ1762 ጀምሮ እስከ 1801 ድረስ የተለዋወጧቸው ከ1,100 በላይ ደብዳቤዎች በሕይወት ተርፈዋልና። ጆን ጠበቃና የሕዝብ ተወካይ ሆኖ ዕድሜውን በፊላደልፊያ፣ በፓሪስ፣ በሄግና በለንደን ሲያሳልፍ፣ አቢጌል በማሳቹሴትስ በብሬንትሪ መንደር እርሻውን እያሳረሰች፣ ልጆች እያስተማረች፣ ባሏ ከአውሮፓ የላከላትን ዕቃ እያሸጠች፣ ከመሬት ይልቅ የመንግሥት የብድር ሰነድ መግዛት እንደሚያዋጣ እየተከራከረች ቤቱን አቆመች።

አቢጌል በማርች 31 ቀን 1776 የጻፈችው ደብዳቤ በየመጽሐፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጠቀሳል፤ አዲሱን ሕግ ስታወጡ ሴቶችን አስቡ፣ በባሎች እጅ ገደብ የሌለው ሥልጣን አታስቀምጡ ያለችበት ቦታ ነው። ሙሉውን ደብዳቤ በድረ ገጹ ላይ የሚያነብ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ደብዳቤው የሚጀምረው እኔ ከምጽፍልህ በግማሹ ያህል እንኳ ርዝመት ያለው ደብዳቤ ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት በሚል የሚስት ቅሬታ ነው። ከዚያ ስለ ቨርጂኒያ ሰዎች ትጠይቃለች፤ ሌላውን ሰው ነጻነቱን መንፈግ የለመዱ ሰዎች ለነጻነት ያላቸው ፍቅር እንደ ሌላው የበረታ ሊሆን ይችላልን ብላ ትጠራጠራለች። ቀጥሎ የእንግሊዝ ጦር በዚያው ወር ቦስተንን ለቆ ስለወጣ፣ በከተማው ያለው ቤታቸው የሬጅመንት ሐኪም ኖሮበት እጅግ ቆሽሾ፣ ነገር ግን ሌላ ጉዳት ሳይደርስበት እንደተገኘ ትነግረዋለች። ስለ ሴቶች የጻፈችው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለ ፈንጣጣና ስለ ቆሸሸ ቤት በጻፈችበት ወረቀት ላይ፣ በዚያው እጅና በዚያው ትንፋሽ የተጻፈ መሆኑን ሲያይ አንባቢው ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይረዳል፤ ቤቱን ብቻዋን የምታስተዳድር ሴት የጻፈችው ነው።

መልሱም እዚያው አለ። ጆን በኤፕሪል 14 ቀን ሲመልስ መሳቄን ልተወው አልቻልኩም ይላል፤ አብዮታችን ልጆችንና የሙያ ተለማማጆችን፣ ሕንዶችንና ጥቁሮችን አለመታዘዝ አስተምሯል እየተባልን ነበር፣ አሁን ደግሞ ከሁሉ የበዛው ወገን መነሣቱን ከደብዳቤሽ ተረዳሁ ይላታል። አቢጌል በዚያው ወር በ27ኛው ቀን ለወዳጇ ለመርሲ ኦቲስ ዋረን ጽፋ ባሏ በቀልድ እንደመለሰላት ታማርራለች። በሜይ 7 ቀን ደግሞ ለራሱ ለጆን ትጽፍለታለች፤ ለሰው ሁሉ ሰላምና በጎ ፈቃድ እያወጃችሁ፣ ሕዝቦችን ሁሉ ነጻ እያወጣችሁ፣ በሚስቶቻችሁ ላይ ግን ፍጹም ሥልጣን ይኑረን ትላላችሁ ብላ ፊት ለፊት ትወቅሰዋለች። አራቱን ደብዳቤዎች በተከታታይ ማንበብ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዞ የሚያስተምርና አራቱን አንብቦ የሚያስተምር መምህር ስለ አንድ ጉዳይ ያስተማሩ አይመስለኝም።

ከዚህም ይልቅ የነካኝ የ1777 ጁላይ ወር ነው። አቢጌል ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ጆን ደግሞ በፊላደልፊያ በግዛቶቹ ተወካዮች ጉባኤ ላይ። በጁላይ 9 ቀን ሰውነቷ ክፉኛ መንቀጥቀጡን፣ በማኅፀኗ ያለው ሕይወት ጠፍቶ እንዳይሆን መፍራቷን ትጽፍለታለች። በ10ኛው ቀን ማታ ምጥ እየጀመራት፣ ብዕሯን እያነሣችና እያስቀመጠች ትጽፋለች። በ16ኛው ቀን ልጅቱ ሞታ መወለዷን የምትነግረው ራሷ ናት። ጆን ግን የእነዚያን ደብዳቤዎች እሽግ የከፈተው በጁላይ 28 ቀን ነበር፤ በዕድሜዬ ሙሉ ልቤ እንደዛሬ ተነክቶ አያውቅም ብሎ የጻፈው ያን ዕለት ነው። በመካከል ያሉት ቀኖች በድረ ገጹ ላይ በቅደም ተከተል ስለሚታዩ፣ ባልየው ምንም ሳያውቅ ስለ ሌላ ጉዳይ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በሚስቱ ሐዘን መካከል ገብተው ይነበባሉ። የታተመ የታሪክ መጽሐፍ ይህንን «ደብዳቤ ይዘገይ ነበር» ብሎ በሦስት ቃል ያልፈዋል፤ እዚህ ግን አንባቢው መዘግየቱን ራሱ ይቀምሰዋል።

በዚያው ወር መጨረሻ፣ ልጇን ከቀበረች ሦስት ሳምንት ሳይሞላት፣ አቢጌል ለእኛ ለቡና አገር ሰዎች የተጻፈ የሚመስል ደብዳቤ ጽፋለች። በቦስተን አንድ ሀብታምና ስስታም ነጋዴ በመጋዘኑ ያለውን ቡና አንዱን ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ከ6 ሺሊንግ በታች አልሸጥም ብሎ ይዞ ነበር። መቶ ገደማ፣ አንዳንዶችም እንደሚሉት ከዚያ የሚበልጡ ሴቶች ጋሪ እየገፉ መጥተው ቁልፉን ጠየቁት፤ እምቢ ሲል አንዷ አንገቱን ይዛ ጋሪው ላይ ወረወረችው። መውጫ ሲያጣ ቁልፉን ሰጠ፤ ሴቶቹም መጋዘኑን ከፍተው ቡናውን በገዛ እጃቸው አውጥተው፣ ጭነው ሄዱ። ብዙ ወንዶች ቆመው በዝምታ ያዩ ነበር። ይህን ደብዳቤ ለጅማ ተማሪዎች ማስነበብ የቡና ዋጋ፣ የጦርነት ጊዜ እጥረትና የሴቶች ኃይል በአንድ ገጽ እንዴት እንደሚገናኙ ለማሳየት ይበቃል፤ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በቀን መፈለግ መቻሉ የሚሰጠውን ጥቅም ለማየት ደግሞ ጁን 18 ቀን 1775ን መክፈት ነው። በዚያ እሑድ ዕለት አቢጌል ከብሬንትሪ ሆና፣ ባለፈው ቀን በተደረገው ጦርነት የቤተሰባቸው ወዳጅ ሐኪሙ ጆሴፍ ዋረን መውደቁን፣ የቻርልስታውን ከተማም አመድ መሆኗን ትጽፋለች። በዚያው ዕለት ጆርጅ ዋሽንግተን በፊላደልፊያ ሆኖ ለሚስቱ ለማርታ የጦሩ አዛዥ ሆኖ መሾሙን፣ ሹመቱን እንዳልፈለገው፣ ኑዛዜውንም እንዳስረቀቀ ያስረዳታል። ሁለቱ ደብዳቤ ጸሐፊዎች አንዳቸው የሌላውን ወረቀት አላዩም። ዋሽንግተን ስለ ኑዛዜው ሲጽፍ የቻርልስታውን መቃጠል ገና አልደረሰውም ነበር፤ ይህን ያስተዋልኩት ሁለቱን በአንድ ቀን ውጤት ውስጥ ጎን ለጎን በማየቴ ነው።

ያ የዋሽንግተን ደብዳቤ በእጃችን መገኘቱ ራሱ ዕድል ነው። ማርታ ዋሽንግተን ባሏ በ1799 ከሞተ በኋላ የተጻጻፉትን አቃጥላለች፤ ከአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ ባልየው ለእርሷ ከጻፋቸው የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጄፈርሰንም በ1782 ከሞተችበት ሚስቱ ጋር የተጻጻፈው ምንም አልተረፈም። ኤሊዛቤት ሃሚልተን ከባሏ የተጻፉላትን ጠብቃ ስታቆይ የራሷ ደብዳቤዎች ጠፍተዋል። አቢጌልም ደብዳቤዎቼን አቃጥልልኝ ብላ ጠይቃ ነበር፤ ጆን ግን በኤፕሪል 1776 ለዚያ መጀመሪያ አንቺን መርሳት ይኖርብኛል ብሎ መለሰላት። በጁን ወር ደግሞ የደብዳቤዎቹን ቅጂ የሚይዝበት ትልቅ መዝገብ መግዛቱን ጽፎላታል። ስለዚህ ድረ ገጹን የሚያነብ ሰው የአዳምስ ቤት ከዋሽንግተን ቤት ይበልጥ ፍቅር የሞላበት ነበር ብሎ ቢፈርድ ይሳሳታል፤ አንዱ ቤት ወረቀቱን ጠበቀ፣ ሌላው ለእሳት ሰጠ። የግርጌ ማስታወሻዎቹ ይህን በየቦታው ይጠቁማሉ፤ ነገር ግን ተበታትነው ስላሉ ጀማሪ አንባቢ ልብ ሊላቸው ይቸገራል። በመግቢያው ገጽ ላይ ስለ ጠፉት ደብዳቤዎች አንድ አጭር ጽሑፍ ቢኖር እጅግ ይጠቅም ነበር።

የቨርጂኒያ ባለርስቶች ደብዳቤ ለልጆቻቸው ምን እንደነበር ለማወቅ የጄፈርሰንና የሴት ልጆቹ ክፍል ይበልጣል። ጄፈርሰን በኖቬምበር 28 ቀን 1783 ከአናፖሊስ ሆኖ፣ በፊላደልፊያ ለተቀመጠችው የ11 ዓመት ልጁ ለማርታ፣ በቤት ስሟ ለፓትሲ፣ የቀኗን ሰዓት ከፋፍሎ ላከላት። ከ8 እስከ 10 ሙዚቃ፣ ከ10 እስከ 1 አንድ ቀን ዳንስ አንድ ቀን ሥዕል፣ ከ3 እስከ 4 ፈረንሳይኛ ንባብ እያለ እስከ መኝታ ድረስ ይዘረዝራል። በየፖስታው እንድትጽፍለት፣ ከአክስቶቿም ለአንዷ በየሳምንቱ እንድትጽፍ ያዛል፤ የምታነበውን መጽሐፍና የምትማረውን ዜማ እንድትነግረው፣ አንዲትም ቃል በፊደል ስሕተት እንዳትጽፍ ያሳስባታል። እናቷ ከሞተች ገና አንድ ዓመት ነበር። ደብዳቤው የፍቅር ደብዳቤ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ደብዳቤ መጻፍ በዚያ ወገን ዘንድ የልጅ ናፍቆት መግለጫ ብቻ ሳይሆን ፈተናም እንደነበረ ያሳያል። በእኛም ዘንድ ደብዳቤ ሲጻፍ አባት ፊደሉን ያርም፣ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» የሚለው መክፈቻ ቦታውን እንዳይስት ይቆጣጠር ነበርና ጉዳዩ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም።

ይህችው ልጅ በሜይ 3 ቀን 1787፣ 14 ዓመቷ ሳለ፣ ከፓሪስ ትምህርት ቤቷ ለአባቷ የጻፈችው ደብዳቤ ከድረ ገጹ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚያስቆም ነው ብዬ እፈርዳለሁ። የአልጀርስ የባሕር ወንበዴዎችና አንድ የቨርጂኒያ መርከብ ተዋግተው፣ የተማረኩት ወንበዴዎች በባርነት ሊሸጡ እንደሚችሉ ሰምታ፣ አምላኬ፣ እስካሁን ያሉን አይበቁንምን ትላለች። ድሆቹ ጥቁሮች ሁሉ ነጻ ቢሆኑ በሙሉ ነፍሴ እመኛለሁ፣ እነዚህ እንደኛው ፍጡር የሆኑ ሰዎች በአገራችን ሰዎች እንዲህ በክፋት መያዛቸውን ሳስብ ልቤ ያዝናል ብላ ጻፈች። አባቷ በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት የያዘ ሰው ነው። ጄፈርሰን በጁላይ 4 ቀን 1826 ከ100,000 ዶላር በላይ ዕዳ ትቶ ሲሞት፣ ማርታ የቤቱ እመቤት ነበረች፤ በጃንዋሪ 1827 በርስቱ በሞንቲቸሎ በባርነት የተያዙ 130 ሰዎች ለዕዳው ማቃለያ በጨረታ ቀረቡ። ድረ ገጹ የልጅቷን ደብዳቤ ሲያቀርብ ስለ ጨረታው በዚያው ገጽ አይነግርም፤ አንባቢው ሁለቱን ራሱ ማገናኘት አለበት።

የፊደል ነገር ከተነሣ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ታናሽ እህቱ ጄን መኮም መታለፍ የለባቸውም። ጄን ባለርስት አልነበረችም፤ 12 ልጆች ወልዳ፣ በድህነት እየታገለች የኖረች የቦስተን ሴት ናት። ከወንድሟ ጋር ግን ከ60 ዓመት በላይ ተጻጽፋለች። ስለ መጥፎ ፊደሏ ይቅርታ ስትጠይቀው ፍራንክሊን በጁላይ 4 ቀን 1786 አትጨነቂ፣ ፊደላችን አሁን ባለበት ሁኔታ መጥፎ የሚባለው አጻጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላው የሚሻለው ነው ብሎ መለሰላት። ይህንን ከጄፈርሰን ትእዛዝ ጎን ማንበብ የሁለቱን ሰዎች ጠባይ ከማንኛውም የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ በተሻለ ይለያል።

ደብዳቤዎቹን በደንብ ለመረዳት እንዴት ይላኩ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል፤ የድረ ገጹ ማስታወሻዎች ስለዚህ የሚናገሩት ሲያስፈልግ ብቻ ስለሆነ እዚህ ላይ ላብራራው። በዚያ ዘመን ፖስታ የሚባል መያዣ ብዙም አልነበረም፤ ወረቀቱ ራሱ ታጥፎ፣ በሰም ታሽጎ፣ በውጭ በኩል አድራሻው ይጻፍበት ነበር። ክፍያው በወረቀቱ ቁጥር ስለሆነ መያዣ መጨመር ሒሳቡን ያሳድገዋል። በ1792 በወጣው የፖስታ ሕግ መሠረት አንድ ቅጠል ደብዳቤ ከ30 ማይል፣ ማለትም ከ48 ኪሎ ሜትር ገደማ ለማይበልጥ ርቀት 6 ሳንቲም፣ ከ450 ማይል፣ ማለትም ከ724 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚበልጥ ርቀት ደግሞ 25 ሳንቲም ይከፈልበታል፤ ሁለት ቅጠል ከሆነ እጥፍ ነው። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በዚያ ሕግ ቢሰላ ለአንድ ቅጠል 17 ሳንቲም ይሆን ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለውም ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው። የምክር ቤት አባላትና ፕሬዚዳንቱ ያለ ክፍያ የመላክ መብት ነበራቸው፤ ማርታ ዋሽንግተንም መበለት ከሆነች በኋላ በ1800 ይህ መብት ተሰጥቷታል። በ1790 በመላ አገሪቱ የነበሩት ፖስታ ቤቶች 75 ብቻ ስለነበሩ ብዙ ደብዳቤ በመንገደኛ እጅ ይላክ ነበር፤ እኛ በነጋዴ ወይም በአውቶቡስ ሾፌር እጅ እንደምንልከው ማለት ነው። ደብዳቤዎቹ ሁልጊዜ የመጣውንና ያልመጣውን በመቁጠር፣ በዚህ ቀን የጻፍከው ደርሶኛል፣ የዚያኛው ግን አልደረሰኝም እያሉ የሚጀምሩት ለዚህ ነው። ጄፈርሰን ይህን ችግር አጥብቆ ስለተረዳ የላካቸውንና የተቀበላቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ ከ1783 እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ በመዝገብ ይይዝ ነበር፤ በማተሚያ መሣሪያ ቅጂ ያስቀር ነበር፤ ከ1804 ጀምሮም ሁለት ብዕር በአንድ ጊዜ የሚያስጽፈውን መሣሪያ ይጠቀም ነበር። የእርሱ ወገን ዛሬ እንዲህ ሙሉ ሆኖ የምናገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልሂድ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ያውም የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ። አዘጋጆቹ የጸሐፊዎቹን ፊደል ሳያርሙ ስላስቀመጡት ዛሬ በምናውቀው አጻጻፍ የሚፈለግ ቃል ሳይገኝ ሊቀር ይችላል፤ ይህን ለማለፍ በቃል ከመፈለግ ይልቅ በሰው ስምና በቀን መፈለግ ይሻላል። አንዳንዶቹ ሰነዶች አዘጋጆቹ ገና አጣርተው ያልጨረሷቸው ስለሆኑ ማስታወሻ የላቸውም፤ በገጹ ላይ ይህ መሆኑ ስለተጻፈ ለጥናት የሚጠቅሳቸው ተማሪ ማስጠንቀቂያውን ማንበብ አለበት። የወረቀቱ ምስል የለም፤ የእጅ ጽሕፈቱን፣ ስርዙን፣ የሰሙን ምልክት ማየት የሚፈልግ ሰው የአዳምስን ቤት በተመለከተ ወደ ማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ድረ ገጽ መሄድ ይችላል፤ እዚያ የወረቀቱ ፎቶግራፍና የተገለበጠው ጽሑፍ ጎን ለጎን ይታያሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት ግን የድረ ገጹ አሠራር በሰባት ወንዶች ዙሪያ የተዋቀረ መሆኑ ነው። አንዲት ሴት የምትገባው ለእነርሱ ስለጻፈች ወይም እነርሱ ስለጻፉላት ነው። የአዳምስ ቤተሰብ ልዩ ነው፤ አቢጌል ከእህቶቿ ከሜሪ ክራንችና ከኤሊዛቤት ጋር የተጻጻፈችው ብዙው ስለተካተተ፣ በሴቶች መካከል ስለ ቤት ሠራተኛ፣ ስለ ልጆች ሕመምና ስለ ጨርቅ ዋጋ የሚደረገውን ወሬ እናገኛለን። በሌሎቹ ቤተሰቦች ይህ እምብዛም አይገኝም።

በባርነት የተያዙት ሰዎች ድምፅ ደግሞ ከዚያም ይልቅ ያንሳል፤ ቢሆንም ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም። በጄፈርሰን ሁለተኛ ርስት በፖፕላር ፎረስት የምትኖር ሐና የተባለች በባርነት የተያዘች ሴት በኖቬምበር 15 ቀን 1818 ለጄፈርሰን የጻፈችው ደብዳቤ በድረ ገጹ ላይ አለ። ቤቱና ዕቃው ሁሉ ደህና መሆኑን ትነግረዋለች፤ ታመው መምጣት አለመቻልዎን ስሰማ አዘንኩ ትላለች፤ ከዚያም የዳነው በእግዚአብሔር ሥራ እንጂ በሌላ አለመሆኑን እንዲያስብ ትመክረዋለች። አናጢው ጆን ሄሚንግስም ከዚያው ቦታ ስለ ቤቱ ጥገና የጻፋቸው ደብዳቤዎች ይገኛሉ። በእኛ ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሂርማታ ገበያ ቡናና ከብት ብቻ ሳይሆን ሰውም የሚሸጥበት ገበያ እንደነበረ የሚያውቅ የጅማ አንባቢ የሐናን ደብዳቤ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊያነበው አይችልም። ጂሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስንጎበኝ ስለ ንጉሡ ብዙ እንሰማለን፤ በሂርማታ ስለተሸጡት ሰዎች ግን በራሳቸው እጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት የሚያሳየን የለም። ስለዚህ ሐና የጻፈችው አንድ ገጽ በሺህ ከሚቆጠሩት የባለርስቶች ገጾች እኩል በጥንቃቄ መነበብ ይገባዋል።

ለማን እንደምመክረው ልናገር። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ብቻውን እንዲያስስ መስጠት አይጠቅመውም፤ መምህሩ አምስት ወይም ስድስት ደብዳቤ መርጦ፣ ከነማስታወሻው አሳትሞ፣ ፍሬ ሐሳቡን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቶ ቢያቀርብ ግን የክፍለ ጊዜው መልክ ይለወጣል። ለዩኒቨርሲቲ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ የማይለወጥ አድራሻና የተዘጋጀ የማጣቀሻ ቅርጽ በየገጹ ስላለ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይመቻል። ስለ ራሳቸው ቤተሰብ የቆዩ ደብዳቤዎች በሣጥን ያስቀመጡ ሰዎችም ቢያዩት ደስ ይለኛል፤ ቀን፣ ላኪ፣ ተቀባይና ቦታ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ የማይታወቅ ስም እንዴት እንደሚብራራ ከዚህ የተሻለ ናሙና በነጻ አይገኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ድረ ገጹ መሥራቾቹ ሲሞቱ አብሮ ያበቃል፤ የመጨረሻው ማዲሰን በ1836 ነው ያረፈው። የማርታ ጄፈርሰን ልጆች፣ ከ1827ቱ ሽያጭ በኋላ ተበታትነው፣ እርስ በርሳቸው የጻፉትን ማንበብ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ሙዚየም የሆነው ሞንቲቸሎ ራሱ ወዳዘጋጀው የጄፈርሰን የቤተሰብ ደብዳቤዎች መዝገብ መሻገር አለበት። እርሱም በነጻ ነው፤ በ1825 አግብታ ወደ ቦስተን የሄደችው የጄፈርሰን የልጅ ልጅ የኤለን ኩሊጅ ደብዳቤዎች ለመጀመር ጥሩ ናቸው።